የድሮ የራዲዮ ጣቢያ ሸክላ ማጫወቻ ድሬዳዋ ላይ እንዴት እንዳስነሳሁ

ጋራርድ 301 የተባለውን ሸክላ ማጫወቻ አንስቶ የማያውቅ ሰው ክብደቱን አያምንም። ሸክላው የሚቀመጥበት የአሉሚኒየም ሳህን ብቻውን ሦስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ማሽኑ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ አገር ስዊንደን ከተማ ይሠራ የነበረ ነው። ቢቢሲን ጨምሮ ብዙ ጣቢያዎች ለዓመታት ዘፈን ያሰሙት በእሱ ነው።

ከቤት ማጫወቻ የሚለየው በጉልበቱ ነው። የራዲዮ ሰው መርፌውን ዘፈኑ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያሳርፋል። ሸክላውን ትንሽ ወደ ኋላ ይመልስና በጣቱ ይይዘዋል። ሳህኑ ከሥር መዞሩን አያቆምም። ተራው ሲደርስ ጣቱን ያነሳል፣ ዘፈኑ ሳይንገዳገድ ይገባል። ይህን ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ የሚችል ሞተር ያስፈልጋል።

የእኔው ከአንድ ጣቢያ ተወግዶ የወጣ ነው። ከሰው ሰው ሲዞር ኖሮ ከዚራ የተባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ባለቤቱ «ይዞራል፣ ግን ዘፋኙን ያስተኛዋል» አለኝ። ሰዎች የወላጆቻቸውን ሸክላ ይዘው እየመጡ ወደ ፍላሽ እንድገለብጥላቸው ይጠይቁኛል። ለዚህ ሥራ ፍጥነቱ ልክ የሆነ ማሽን ግዴታ ነው። በተሳሳተ ፍጥነት የተገለበጠ ዘፈን ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ይኖራል። ልጆቹ ያንን የዘፋኙ እውነተኛ ድምፅ አድርገው ይይዙታል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

ከመፍታቴ በፊት ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ሁለት ችግር ነበረው። አንደኛው መዘግየቱ። ሁለተኛው ከዘፈኑ ሥር የሚሰማ «ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ» የሚል ድምፅ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሰማ አምፕሊፋየር መፍታት ይጀምራል። እንደዚህ ባለ ማሽን ላይ ግን አብዛኛው በሽታ ከጎማ፣ ከዘይትና ከቆሻሻ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሮኒክሱ ወረፋ ይጠብቅ።

መጀመሪያ ሳህኑን አወረድኩት። ሳህኑ ሾጣጣ ዘንግ ላይ ስለሚቀመጥ ከጊዜ ብዛት ይነክሳል። በካቻቪቴ መፈልቀቅ አይገባም፣ ጠርዙ ይጎዳል። አንድ ሰው ሳህኑን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ሲይዝ፣ ሌላው የዘንጉን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርጋል። በድንገት ይለቃል።

ከሥሩ ያየሁት የድሬ አቧራ ነበር። የእኛ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናል። የዋናውን ዘንግ መቀመጫ ፈታሁና አሮጌውን ዘይት በቤንዚን አጥቤ፣ ፀጉር በማይለቅ ጨርቅ አደረቅኩት። ዘንጉ ከታች የሚያርፍበት ማረፊያ አለ። እሱ ላይ ጉድጓድ ከታየ መቀየር አለበት።

የ301 የመጀመሪያዎቹ ምርቶች በግሪስ፣ የኋለኞቹ በዘይት የሚሠሩ ናቸው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። የእኔው የዘይቱ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የአየሩን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ድሬ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቀጭን ዘይት ውሃ ይሆንና ዘንጉን ሳይደግፍ ይቀራል። ሐረር ላይ ተመሳሳይ ማሽን ያለው ጓደኛ አለኝ። ሐረር ከፍ ያለ አገር ስለሆነ ይቀዘቅዛል፣ እሱ ቀጠን ያለ ዘይት ይጠቀማል። እኔ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን መረጥኩ። የመኪና ሞተር ዘይት ግን አላስገባም፤ ለሌላ ሥራ የተጨመረበት ኬሚካል አለው። ለሞተሩ ትንንሽ የነሐስ ቡሾች የስፌት መኪና ዘይት በቂ ነው። ከፊራ ገበያ የትኛውም ልብስ ሰፊ ጋር አይጠፋም። ቡሾቹን የከበበው ሱፍ ዘይቱን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ አይለፍ። የተረፈው ወደ ጎማው ይረጫል፣ ጎማው ደግሞ ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል።

ወደ ጎማው ልምጣ። በዚህ ማሽን ሞተሩ ሳህኑን በቺንጋ አይደለም የሚያዞረው። የሞተሩ ዘንግ ላይ ባለ ሦስት እርከን ፑሌጃ አለ፣ ለ33⅓፣ ለ45 እና ለ78። በፑሌጃውና በሳህኑ የውስጥ ጠርዝ መካከል አይድለር የሚሉት ጎማ ገብቶ ሁለቱንም እየነካ ይዞራል። ማሽኑ ሲጠፋ ጎማው ከሁለቱም መለቀቅ አለበት። መልቀቂያው ተጣብቆ ለዓመታት ተጭኖ ከቆየ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ይጎደጉዳል። ያ ጉድጓድ በዞረ ቁጥር «ዱብ» ይላል። የእኔው በሽታ እሱ ነበር። የድሬ ሙቀት ደግሞ ጎማውን አድርቆ እንደ መስታወት አብረቅርቆት ነበር።

ጎማውን ይዤ የሄድኩት ቶርኖ ቤት ነው። ድሬዳዋ በባቡር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ 1902 እ.ኤ.አ. ላይ ደረሰ፣ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። የምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ስንት ባለሙያ አፍርቷል መሰላችሁ! እኔ የሄድኩባቸው ሽማግሌ እዚያ ያረጁ ናቸው። ጎማውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ይሄ በቢላ አይቆረጥም፣ ይሸሻል፤ በድንጋይ ነው የሚሞረደው» አሉኝ። ቶርኖው ላይ አሰሩትና የሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ አስጠግተው፣ ጉድጓዱ እስኪጠፋ ስስ ስስ አድርገው ወሰዱለት።

እኔ አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ጎማው ሲያንስ ፍጥነቱ አይቀየርም?»

«አይቀየርም ልጄ። መሃል ያለ ጥርስ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ዳርና ዳር ያሉትን ነው የምትቆጥረው።»

ልክ ናቸው። ፍጥነቱን የሚወስኑት የፑሌጃው ስፋትና የሳህኑ የውስጥ ጠርዝ ናቸው። መሃሉ ላይ ያለው ጎማ ቢያንስም ቢተልቅም የተቀበለውን ያስተላልፋል እንጂ ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህን ከገባችሁ አሮጌ ጎማ ለማደስ አትፈሩም። ቤት ስመለስ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁት፣ በአልኮል ጠረግኩት። ዱብዱብታው ጠፋ።

መዘግየቱ ግን እንዳለ ቀረ።

ከማሽኑ ጋር አንድ የፍጥነት መለኪያ ወረቀት አብሮ መጥቶ ነበር። ዙሪያውን ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ በመብራት ሥር ሲዞር መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው የሚባልለት። ሳህኑ ላይ አድርጌ አበራሁት። መስመሮቹ ቀጥ አሉ። ጆሮዬ ግን አልተቀበለም። የአሊ ቢራን ድምፅ የድሬ ልጅ በሕልሙም ያውቀዋል፣ ከማሽኑ የሚወጣው ሰው ግን እሱ አልነበረም።

ስለዚህ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። በ33⅓ የሚዞር ሳህን በ3 ደቂቃ በትክክል 100 ዙር መዞር አለበት። ይሄ ለመያዝ የሚመች ቁጥር ነው። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ መቁጠር ብቻ ነው። 3 ደቂቃው ሲሞላ ገና 83 አካባቢ ነበር። ይህ ቁጥር በአንዴ ነገሩን ገለጠልኝ። 83 ለ100፣ 50 ለ60 ማለት ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፣ የሞተሩም ፍጥነት እሱን ይከተላል። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጃ ለ60 ኸርዝ አገር የተሠራ ነው! ጋራርድ ለሁለቱም ይሠራ ነበር።

ወረቀቱስ ለምን ልክ ነው አለ? መስመሮቹን ቆጠርኳቸው፣ 216። በ50 ኸርዝ መብራት ለ33⅓ የሚያስፈልገው 180 መስመር ነው፤ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ስለሚል። 216 የ60 ኸርዝ ወረቀት ነው። እሱ እኛ መብራት ሥር የቆመ የሚመስለው ሳህኑ በደቂቃ 27.8 ሲዞር ነው። የተሳሳተው ፑሌጃ የሚሰጠውም 27.8 ነው። ሁለት ስህተቶች እርስ በርስ እየተመሰካከሩ ኖረዋል። ከኢንተርኔት እንዲህ ያለ ወረቀት የምታትሙ ሰዎች መስመሩን ቁጠሩት። መብራቱም ነገር አለው። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች ብልጭታው ስለማይታይባቸው አይሠሩም፤ ኒዮን ወይም የድሮው ትኩስ አምፖል ይሻላል።

27.8 ማለት ዘፈኑ ከሦስት ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት ወንድ ልትመስል ትንሽ ነው የሚቀራት።

ሽማግሌው ጋ ተመለስኩ። አዲሱ ፑሌጃ ሦስቱም እርከኖቹ ከድሮው አንድ አምስተኛ መስፋት ነበረባቸው። ስፋቱ ሚሊሜትሮች ብቻ ስለሆነ የአንድ ሚሊሜትር አስረኛ ስህተት እንኳ በጆሮ ይያዛል። «ጠዋት በማለዳ ና» አሉኝ። ቀን ቀን በድሬ ሙቀት ናሱም፣ መለኪያውም፣ ሰውም ያብጣል ባይ ናቸው። ናሱን ቶርኖው ላይ ካሰሩ በኋላ ቀዳዳውንም የውጭውንም ሳይፈቱ በአንድ አያያዝ ጨረሱት። ምክንያቱን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። አንዴ ከተፈታና ከታሰረ መሃሉ ይስታል። መሃሉ የሳተ ፑሌጃ ደግሞ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፣ በተለይ ክራርና ፒያኖ ላይ። እኔ የጠየቅኩት ከሂሳቡ በጣም በትንሹ እንዲሰፋ ነው። ማሽኑ ሞተሩን በማግኔት የሚያዘገይ ማስተካከያ አለው፤ ማዘግየት እንጂ ማፍጠን ስለማይችል ትርፍ ፍጥነት ሊተውለት ይገባል። አሁን ማስተካከያው መሃል አካባቢ ቆሞ 100 ዙሩን በ3 ደቂቃ ይሞላል።

ኤሌክትሪኩ አጭር ነው። ሞተሩ በ110ም በ220ም አካባቢ እንዲሠራ የሚቀያየሩ ማገናኛዎች አሉት። ከሌላ አገር የመጣ ማሽን ስፒናው ከመሰካቱ በፊት ይህ መታየት አለበት። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለውን አሮጌ ካፓሲተር ኤክስ2 በሚባለው፣ ለመብራት መስመር በተሠራው ዓይነት ቀየርኩት። የድሮዎቹ እያረጁ ያፈሳሉ፣ ሲጠፋም በስፒከሩ «ጧ» ያሰኛሉ። እምምም የሚለው የ50 ኸርዝ ድምፅ የጠፋው ደግሞ የሞተሩንና መርፌውን የሚሸከመውን የክንዱን ብረት ለየብቻ ወደ አንድ የመሬት ነጥብ ሳገናኛቸው ነው። ሳጥኑን አናጢ ከዋንዛ ሠራልኝ፣ ከባድ አድርጎ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ መርፌ ነው። ሹር የተባለው ኩባንያ ማምረት ካቆመ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራዲዮ ሰዎች የለመዱት ጠንካራ መርፌ እየተወደደ ሄዷል። ስለዚህ ያለኝን እንከባከባለሁ። ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት ታይዋን ገበያ በገዛሁት የወርቅ ሚዛን እለካለሁ፣ በግምት አላስቀምጥም። የ78 ሸክላ ሲመጣ መርፌውን እቀይራለሁ፤ የ78ቱ ቦይ በጣም ሰፊ ስለሆነ የተራው ሸክላ መርፌ ወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። ደግሞ እባካችሁ፣ 78ን በአልኮል አትጥረጉ። እሱ የተሠራበትን ሙጫ አልኮል ያሟሟዋል። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው የ45 ሸክላዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ እነሱን በንጹሕ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና አጥባለሁ። መኪና ውስጥ ደግሞ ምንም ዓይነት ሸክላ አትተዉ። የድሬ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሸክላ ታጣምማለች።

መብራት ሄዶ በጄነሬተር ስሠራ አልገለብጥም። የጄነሬተር ኸርዝ ይዋልላል፣ ሞተሩም አብሮ ይዋልላል። የመለኪያው ወረቀት ይህን አያሳይም፤ አምፖሉም ከዚያው ጄነሬተር ስለሚበራ አብሮ ይስታል። የእጅ ሰዓት ነው የማምነው።

የፑሌጃውን ልክ በወረቀት ነድፌ ቶርኖ ቤቱ ትቼዋለሁ። ሽማግሌው ለጠየቀ ሁሉ ያሳያሉ። 301 ያለው ሰው ያንን መጠቀም ይችላል። በ1965 እ.ኤ.አ. 301ን የተካው 401 ግን ሞተሩ ሌላ ስለሆነ እንደ አዲስ መለካት አለበት።