የፈረሰ ሳሙና ወደ ድስት ከመመለሱ በፊት

ሰኔ 3 የሠራሁት ሳሙና ሰኔ 5 ቢላ ሲያርፍበት ተፈረካከሰ። ከአሥራ ሁለቱ ቁራጭ ደህና መስሎ የወጣው ሦስቱ ብቻ ነው። የቀረው ጠርዙ እየረገፈ፣ መሐሉ እየተሰነጠቀ ጠረጴዛው ላይ ክምር ሆነ። አንድ ኪሎ ዘይት የገባበት ነገር ነው፤ የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጥለው አልቻልኩም።

በዚያው ማታ ፈቅፍቄ ላቀልጠው መፈቅፈቂያውን ሳወጣ እናቴ አየችኝ። «ምን እንደሆነ ሳታውቂ እሳት ላይ ልትጥጂው ነው? ተመልሶ ይፈርስብሻል» አለችኝ። እሷ ሳሙና ሠርታ አታውቅም፤ ግን ልክ ነበረች። እኔም በዚህ አንድ ወር ተኩል የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ሳሙና በብዙ ምክንያት ይፈርሳል፤ መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ነው። የኮኮናት ዘይት የበዛበት ሳሙና ቶሎ ይጠነክራል፤ በጊዜው ካልተቆረጠ ቢላው ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። እንዲህ ያለው ምንም ጉድለት የለበትም፤ ትንሽ ውኃ ጨምሮ ማቅለጥ ይበቃዋል። ዘይቱና ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ በደንብ ሳይዋሐዱ ቅርጹ ውስጥ ከተገለበጠ ደግሞ አንዱ ወገን ዘይት ያዘለ፣ ሌላው ወገን የሚፈረፈር ይሆናል፤ አብሮ ሲቀልጥ ይስተካከላል። ኮስቲኩ ከበዛ ግን ውኃ ብቻ ጨምሮ ማቅለጥ ጥፋቱን እንዳለ በአዲስ ቅርጽ ማስቀመጥ ነው፤ ቆዳ የሚያቃጥል ሳሙና ይሆናል። የጎደለውን ዘይት መጨመር የግድ ነው። ላዩ ላይ ብቻ የሚታየውን ስስ ነጭ አመድ ከዚህ ጋር አታምታቱት፤ እሱ አየር የነካው ኮስቲክ የሚፈጥረው ሶዳ አሽ ነው፤ ተፍቆ ይወጣል።

የእኔ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አምስት ቀን ጠበቅኩ። ሰኔ 10 አንዱን ስባሪ በውኃ አርሼ፣ ጣቴን አሸት አድርጌ የጣቴን ጫፍ በምላሴ ጫፍ ነካሁት። ምላስን የባትሪ ድንጋይ ላይ እንደማስነካት ንዝር አደረገኝ፤ ያልተዋሐደ ኮስቲክ አለበት ማለት ነው። ወዲያው በብዙ ውኃ ተጉመጠመጥኩ። ከጠርዝ፣ ከመሐል፣ ከሥር ወስጄ ሞከርኩ፤ ሁሉም ነዘረኝ። አንዱ ነዝሮ ሌላው ዝም ቢል ኖሮ ችግሩ የማዋሐድ ነው እል ነበር። ከዚያ ሦስቱን ደህና የመሰሉኝን ቁራጮች ሞከርኳቸው፤ እነሱም ያው ናቸው። ይህ በጣም አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም አንዱን ለጎረቤት ልሰጥ ነበር። መልኩ ያማረ ሳሙና ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ደብተሬን ስገልጥ ጥፋቱ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የወትሮው ድብልቄ 500 ግራም የፓልም፣ 300 ግራም የኮኮናትና 200 ግራም የሱፍ ዘይት ነው። አንድ ግራም የፓልም ዘይት ሳሙና ለመሆን 0.141 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፤ የኮኮናት 0.183፤ የሱፍ 0.134። ስደምረው 152 ግራም ይመጣል፤ 5 በመቶ ዘይት እንዲተርፍ ብዬ ስቀንስ 145። በዚያ ሳምንት ግን የጅማውን ሂርማታ ገበያ ብዞር የኮኮናት ዘይት አጣሁና 300 ግራሙን በሱፍ ዘይት ተካሁት፤ ኮስቲኩን ግን ሳልነካ 145 ጨመርኩ። አዲሱ ድብልቅ የሚፈልገው 131 ነበር። ዘይት ሲለወጥ ኮስቲኩ እንደ አዲስ ይሰላል፤ ዘይት ሁሉ ግራም ለግራም አይተካካም።

ጥፋቱ ሲታወቅ መድኃኒቱም በሒሳብ ይገኛል። 145 ግራም ኮስቲክ 5 በመቶ ዘይት አስተርፎ እንዲበላ 110 ግራም ያህል የሱፍ ዘይት ጎድሎታል። አንድ ወዳጄ ሆምጣጤ ጨምሪበት ብላኝ ነበር። ሆምጣጤ ግን የተሠራውንም ሳሙና መልሶ ያፈርሰዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ትርፉን ኮስቲክ ራሱን ሳሙና ያደርገዋል። ስለዚህ ዘይቱን መረጥኩ።

ሰኔ 14 ጓንት አድርጌ ሁሉንም ፈቀፈቅኩት፤ ሦስቱን ቆንጆዎችም ጭምር። ትልቅ ድስት ውስጥ ውኃ አፈላሁና የፈቀፈቅኩትን በስቴንለስ ድስት አድርጌ እላዩ ላይ ጣድኩት። እዚህ ላይ አደራ፦ አሉሚኒየም ድስት እንዳትጠቀሙ። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፤ የሚወጣው ጋዝም የሚቀጣጠል ነው። ቤታችን ያለው አብዛኛው ድስት አሉሚኒየም ስለሆነ ለሳሙና ብቻ የሚሆን አንድ ስቴንለስ ድስት ለይቶ መያዝ ነው።

150 ሚሊ ሊትር ውኃ ረጨሁበትና ከደንኩት። ባየኋቸው ቪዲዮዎች አንድ ሰዓት የሚፈጀው እኔ ጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። መጀመሪያ ከሰሉ አነሰ ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ሌላም ምክንያት አለው፦ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በፈላ ውኃ ላይ የተጣደ ነገር ከዚያ በላይ አይሞቅም። ውኃ እየጨመርኩ ላፋጥነው አልሞከርኩም፤ ውኃ የበዛበት ሳሙና ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይጣመማል።

በየሃያ ደቂቃው ከፍቼ በእንጨት ማማሰያ ቀስ ብዬ አገላብጠዋለሁ፤ ከተመታ አረፋ ይይዛል። አንደኛው ሰዓት ላይ እንደ ረጠበ ፍርፍር ነበር፤ ነጩ ቅንጣት ገና አልሟሟም። ሁለተኛው ላይ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ቫዝሊን ማንጸባረቅ ጀመረ። ያኔ ዘይቱን ለብ አድርጌ ጨመርኩ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ዘይቱ ለብቻው ተንሳፈፈ፤ ተበላሸ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ዝም ብዬ እያገላበጥኩ ስቆይ ግን ጠጣው፣ ከድስቱም ግድግዳ እየተላቀቀ እንደ ገንፎ ተሰበሰበ። እናቴ መጥታ አየችውና «አሁን በሰለ» አለች። እኔ ግን አንድ ሰዓት ያህል ጨመርኩለት፤ ትርፉ ኮስቲክ ከዘይቱ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ይፈልጋል። ቆንጥሬ አቀዝቅዤ በምላሴ ስሞክረው ንዝረቱ ጠፍቶ ተራ የሳሙና ጣዕም ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የመጋገሪያ ወረቀት ያነጠፍኩበት የእንጨት ቅርጽ ውስጥ በማንኪያ እየጫንኩ ሞላሁት፤ አየሩ እንዲወጣ በየመሐሉ ከታጠፈ ፎጣ ላይ መታ መታ አደረግኩት። ሰኔ 16 ስቆርጠው አንድም አልተሰነጠቀም። ገጹ እንደ መጀመሪያው ሳሙና ልስልስ አይደለም፤ ወጣ ገባ አለው። እኔ ወድጄዋለሁ።

ያስቸገረኝ ማድረቁ ነው። ክረምታችንን ታውቁታላችሁ፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያልበዋል። ከመስኮቱ አርቄ፣ ማታ ማታ ከሰል የሚነድበት ክፍል መደርደሪያ ላይ እያራራቅኩ ደረደርኩት። ደረቀ አልደረቀ ለማለት ቀን መቁጠሩን ትቼ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፦ 131፣ 124፣ 120፣ 119 ግራም።

በአጋጣሚ ከግንቦት የቀረ የቡና ሳሙና ስባሪም ነበረኝ፤ እሱ ዘግይቼ በመቁረጤ ብቻ የተሰበረ ነው። አላቀለጥኩትም፤ ለወጥ እንደሚከተፍ ሽንኩርት ከትፌ አዲስ ነጭ ሳሙና ሲወፍር በተንኩበት። ሲቆረጥ ቡናማው በነጩ መሐል ጣል ጣል ብሎ ይታያል። የበረካውን አተላ የምትጨምሩ በደንብ አድርቁት፤ እርጥቡ ይሻግታል፤ ከበዛ ደግሞ ቆዳ ይቧጭራል።

ትናንት ሚዛኑ ለሁለተኛ ጊዜ 119 ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ዛሬ ጠዋት እጇን ታጥባበት አረፋው አነስ ይላል አለችኝ። የኮኮናት ዘይት ስለሌለው ነው።