ሰማንያ ናይትሬት፣ እናቴና አቼቶ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤዝመንታችን ላይ 450 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) አለኝ። ኮራሎች፣ ማለት ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት፣ አሉበት፤ ዓሦቹ ደግሞ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንዲት ትንሽ ጎቢ፣ እንዲሁም ጅራቱ ቢጫ የሆነ ሐምራዊ ታንግ ናቸው። የታንጉ አገር ቀይ ባሕር ነው። እሱን ስመርጥ ዋጋውን ያላየሁት ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ክረምት ኮራሎቹ ቡናማ መሆን ጀመሩ። መስታወቱን ዛሬ ብፍቀው ነገ አረንጓዴ ይለብሳል። ናይትሬቱን፣ ማለት ከምግብና ከእዳሪ ብስባሽ የሚጠራቀመውን ንጥረ ነገር፣ ስለካ 10 ፒፒኤም (በሚሊዮን 10 እጅ) ነው። 10 ደግሞ ኮራልን ምንም አያደርግም። መብራቱን ጠረጠርኩ፣ ጨው ቀየርኩ፣ አምፖል ገዛሁ።

በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት መጣና «እስቲ እኔ ልለካው» አለ። ከመለኪያው መድኃኒት ጠርሙሶች ሁለተኛውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ጠበጠበው። ከዚያ እንደ ወተት መግፋት ያዘ። ሳቅኩበት። አምስት ደቂቃ ጠብቀን ቱቦውን ብርሃን ላይ ስናየው፣ ቀለሙ የሠንጠረዡ መጨረሻ አካባቢ ያለው ደማቅ ቀይ ሆኗል። 80!

መመሪያው ላይ «30 ሰከንድ በኃይል ይነቅንቁ» ይላል። እኔ እንደ ዓይን ጠብታ ነካ ነካ እያደረግኩ ነበር የምጨምረው። መድኃኒቱ ሥር ላይ ስለሚረጋ፣ ካልተነቀነቀ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ለወራት ራሴን ስዋሽ ከርሜያለሁ ማለት ነው። በነገራችን ላይ አንዳንድ መለኪያዎች ናይትሬትን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው የሚያሳዩት። እንደዚያ ከሆነ ቁጥሩን በ4.4 ማባዛት ያስፈልጋል። ሁለት ሰው «የኔ 5 ነው» ብሎ ሲያወራ የአንዱ 22 ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ውሃ መቀየር። በየሳምንቱ 20 በመቶ። ይህ 90 ሊትር ነው፣ በባልዲ። በሒሳብ ደረጃ 80 ወደ 64፣ ከዚያ ወደ 51፣ 41፣ 33 መውረድ አለበት። ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ባልዲ ተሸክሜ ከአራት ሳምንት በኋላ ስለካው 60 ነው። የምጨምረው ውሃ በማጣሪያ ያለፈ፣ ንጹሕ ነው። እንግዲያው ናይትሬቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው።

የዓሣ ምግብና እዳሪ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ጉዞው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ነው ይህን ሁሉ የሚያበላው?

እናቴ ናት። ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። እኔ ሥራ ስሄድ ወንበር ስባ አኳሪየሙ ፊት ትቀመጣለች። ታንጉ ሰው ሲያይ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ልማዱ ነው። እሷ ግን «ርቦት ነው» ብላ ደምድማለች። የእናቴን ቤት የሚያውቅ ያውቃል፤ እንግዳ «በቃኝ» ቢል እንኳ በሞቴ ተብሎ ሌላ ይጎርሳል። ዓሣ ደግሞ በቃኝ አይልም።

«እማዬ፣ በቀን ስንቴ ነው የምትሰጫቸው?»

«ኧረ ትንሽ ትንሽ ነው! አንተ ደግሞ፣ ከነነፍሳቸው ገዝተህ በረሃብ ልትገላቸው ነው?»

አልተከራከርኩም። የደም ግፊት መድኃኒቷን የምታስቀምጥበት፣ ሰባት ቀን የተጻፈበት የፕላስቲክ ሳጥን አለ። የእሱን ዓይነት ገዛሁና የየቀኑን ደረቅ ምግብ ከፋፍዬ ሞላሁት። «የሰኞ ይህ ነው፣ የማክሰኞ ይህ» አልኳት። የታዘዘ መድኃኒት መሰላት መሰለኝ፣ አንድም ቀን አላዛነፈችም። የበረዶውን ሽሪምፕ ማታ ማታ እኔው በወንፊት አጥቤ እሰጣለሁ። ውሃ የሚያጣራውን ካልሲም በየሁለት ሳምንቱ ፈንታ በየሦስት ቀኑ ማጠብ ጀመርኩ። የተያዘ ቆሻሻ የወጣ ቆሻሻ አይደለም፤ እዚያው ካልሲው ውስጥ ይበሰብሳል። የመጀመሪያውን ካልሲ ሳወጣ የነበረውን ሽታ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

በሁለት ወር 40 ደረሰ። እዚያ ላይ ተገተረ።

ቀጥሎ የሄድኩት ወደ አቼቶ ነው። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው፣ 5 በመቶው ነጭ አቼቶ። ባክቴሪያ አቼቶው ውስጥ ያለውን ካርቦን ሲያገኝ ይራባል፤ ለመራባት ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌት (እሱም እንደ ናይትሬት ከምግብ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው) ከውሃው ይወስዳል። ከዚያ ፕሮቲን ስኪመሩ፣ ማለት ቆሻሻን በአየር አረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ባክቴሪያውን ከአረፋ ጋር ይዞት ይወጣል። ያለ ጥሩ ስኪመር አይሞከርም። በቀን 5 ሚሊ ሊትር ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ 5 እየጨመርኩ 15 ደረስኩ። ለውጥ የለም። ሦስት ቀን ጠበቅኩና ትዕግሥቴ አለቀ። በአንድ ጊዜ 45 አደረግኩት።

ጠዋት ስወርድ ውሃው የሩዝ እጣቢ መስሏል። ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ባክቴሪያው በሌሊት ፈልቶ ኦክስጅኑን ጨርሶታል። አቼቶውን አቆምኩ፣ ፓምፑን ወደ ላይ አዙሬ ውሃውን አናወጥኩት፣ መስኮት ከፈትኩ፣ አየር የሚነፋ ድንጋይ ከተትኩ። በሁለት ቀን ጠራ። ጎቢዋን ግን ከድንጋይ ሥር ሞታ አገኘኋት። እናቴ ያን ቀን ቡና አላፈላችም።

ከ5 እንደገና ጀመርኩ። በአምስተኛው ሳምንት ቁጥሩ በራሱ ጊዜ መውረድ ያዘ፤ 30፣ 18፣ 8። እናቴ ወደ አገሯ በተመለሰች ማግስት ዜሮ ሆነ። ፎቶ አንስቼ ለወዳጄ ላክሁ። «አይዞህ» ብቻ ብሎ መለሰልኝ። ለምን እንደሆነ በአሥረኛው ቀን ገባኝ። ፎስፌቱም ዜሮ ሆኗል፤ ኮራሎቹ ገርጥተዋል፣ አክሮፖራ የሚባለው ኮራል ጫፉ ነጭ ሆኗል። አሸዋው ላይ አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ ተነጥፏል። ዳይኖፍላጀሌት ይሉታል። ሌላው አልጌ የሚበላው ሲያጣ ቦታውን የሚይዘው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር 80 እያለ አንድም ኮራል አልሞተብኝም ነበር። ዜሮ ላይ ሦስት ሞቱብኝ።

መድኃኒቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? አቼቶውን በግማሽ መቀነስ፣ አልካሊኒቲውን (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም) ከ10.5 ወደ 8 ዲኬኤች ማውረድና ማብላት። በደንብ ማብላት። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«አላልኩህም?» አለች። ከዚያ ታንጉን አሳየኝ ብላ ቪዲዮ አስከፈተችኝ።

አሁን ናይትሬቱ ከ5 እስከ 10 ይዋልላል፤ ፎስፌቱ 0.05 አካባቢ ነው። አቼቶው በቀን 20 ሚሊ ሊትር ላይ ቆሟል። በየእሑዱ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ እጠበጥባለሁ፣ 30 ሰከንድ እቆጥራለሁ። ንፍጡ ከአሸዋው ላይ ለመጥፋት ሰባት ሳምንት ፈጅቷል፤ አንዱ ጥግ ላይ አሁንም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።