አራት ቀን ሞምባሳ ከእማዬ ጋር

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚመስል የከተማችን ሰው ያውቀዋል፣ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው ሚያድረው። እኛም ከጥምቀት በኋላ የወጣነው እንደዛ ባለ ጠዋት ነው፣ እማዬ ሁለት ጋቢ ደርባ። ወንድሜ መናኸሪያ ላይ "አንዱን እንኳ ተዪው ባክሽ" ቢላት "መንገድ ላይ ብርድ ቢመታኝስ" ብላ እምቢ አለች። ማታ ኬንያ፣ ከሞምባሳ ኤርፖርት በር ስንወጣ ያ እርጥብ ሙቀት ፊታችን ላይ መጣ፣ ቆም አለችና "ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት ነው እንዴ ያወረድሽኝ?" አለችኝ። ከ2800 ሜትር በላይ ላይ ነቅቶ ማታውን ባህር ዳርቻ ላይ ማደር ቀላል አይደለም፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

ለምን ሞምባሳ ላላችሁኝ፣ የእማዬ አያት ከአንኮበር አልዩ አምባ ገበያ ድረስ እየወረዱ ከቆላ የመጣውን ጨው በበቅሎ ጭነው ያወጡ ነበር፣ እና እሷ በልጅነቷ ምትሰማው አንድ ወሬ "ከጨው ነጋዴዎቹ አገር ወዲያ ባህር አለ፣ ዳር የለውም" ሚለውን ነው። ስንት አመት ሙሉ ስትነግረኝ ኖራለች። ጉልበቷ ሳይደክም ላሳያት ብዬ ለብቻ ሳስቀምጥ የነበረውን ብር አወጣሁና ሄድን፣ በቃ።

የመጀመሪያው ጠዋት ግን አናደደኝ። ሆቴሉ በስልክ ስንነጋገር "ባህሩ በራችን ላይ ነው" ብሎኝ ነበር፣ አስፋልት ተሻግረን ወደ ሩብ ሰዓት በእግር ሄድን፣ እማዬን እየደገፍኩ፣ በዛ ፀሀይ። ስንደርስ ደግሞ ባህር የለም! እውነቴን ነው፣ እርጥብ አሸዋ ብቻ፣ የተኛ አረንጓዴ ሳር መሳይ ነገር፣ አንድ ጀልባ ደረቅ ላይ ጋደም ብላ፣ ውሃው ሩቅ ሄዶ እንደ ነጭ ክር ይታያል። እማዬ "ይሄ ነው?" አለች። እንባዬ መጣ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው ያመጣኋት አልኩ።

እዛው ማዳፉ ሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ (ማዳፉ ማለት ውሃውን ምትጠጪው ለጋ ኮኮናት ነው)። ፊቴን አይተው "ማጂ ኩፕዋ" አሉኝ፣ ውሃው ጎድሏል ማለት ነው፣ ከዛ በእጃቸው ወደኛ ወደኛ እያሳዩ "ሳ ቲሳ" አሉ። እኔ አልገባኝም። እማዬ ግን "ቲሳ... ተስዓቱ ቅዱሳን! ዘጠኝ እኮ ነው ሚሉሽ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነዪ ነው ሚሉሽ" አለች። ስልኬን አውጥቼ ሳሳያቸው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ከሰዓት በኋላ ሶስት ላይ አደረጉ፣ በኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት! ለካ ስዋሂሊዎችም ሰዓት ሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ፀሀይ ስትወጣ ጀምረው ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት "ሳ ሞጃ" ነው፣ አንደኛው ሰዓት። ቁጥሮቹ ደግሞ ግማሾቹ ከአረብኛ ስለመጡ ለኛ ጆሮ ይቀርባሉ፣ ሲታ ስድስት፣ ሳባ ሰባት፣ አርባን አሮባይኒ፣ ሃምሳን ሃምሲኒ ነው ሚሉት። እማዬ ከዛ በኋላ አራቱንም ቀን ሰዓት ሚነግረንን ሰው ሁሉ ያለ እኔ ትረዳ ነበር፣ እንደሷ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ተመልሰን መጣን። ባህሩ ሞልቶ ግንቡ ስር ድረስ ደርሷል፣ ጠዋት የረገጥነው ቦታ ሁሉ የለም፣ ጋደም ያለችው ጀልባ ትወዛወዛለች። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፣ ሞገዱ ሲመጣ እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች ሲመለስ ትለቀዋለች። ምንም አላወራችም። በኋላ ነው ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘግና የቀመሰችው፣ "ውይ፣ እውነትም ጨው ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

እንግዲህ ምትሄዱ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይሄን እወቁልኝ፣ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሚስበው በዋናነት ጨረቃ ነች፣ ሙሉ ስትሆን ደግሞ ፀሀይም አብራ ትስብና ልዩነቱ ሞምባሳ ላይ ከሶስት ሜትር ያልፋል፣ የሁለት ሰው ቁመት ማለት ነው። እኛ የሄድነው ጨረቃ ልትሞላ ሁለት ቀን ሲቀራት ስለነበር ነው እንደዛ የሸሸብን። ሆቴል ስትይዙ ስለ ቁርስ ከመጠየቃችሁ በፊት ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቁ። ሲጎድልም ታዲያ አትመለሱ፣ በማግስቱ ጠዋት አካባቢውን ከሚያውቅ ልጅ ጋር ወደ ኮራል ሪፉ (ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሰሩት አለት ነው) በእግር ሄድኩና በየጉድጓዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ኮከብ መሳይ እንስሳት፣ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ አሳ አየሁ። የፕላስቲክ ጫማ ግን ግድ ነው፣ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር ነገር አለ፣ ከእግር ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ዛጎልም አታንሱ፣ የባህር ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው።

ምግብ ሚያሳስባችሁ ፆመኞች፣ ረቡዕ ቀን ምባዚ በልተናል፣ የርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተሰርቶ፣ ከማሃምሪ ጋር፣ እሱ እንደ ቦምቦሊኖ ነው ሄል ያለበት። እማዬ ሁለቴ አስጨመረች።

ሶስተኛው ቀን አሮጌው ከተማ ነበርን። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይ የተሰሩ፣ በሮቹ የተፈለፈሉ፣ መንገዱ ጠባብ። ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ ፖርቹጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ ነው የገነቡት፣ በ1698 ኦማኖች ወሰዱት። እዛ ግንብ ላይ ቆሜ ያሰብኩት የኛን ታሪክ ነው፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እዚህ ሲደርስ ነገር ሳይስማማ ሄደ፣ ልጁ ክሪስቶቮ ደግሞ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ምፅዋ ወርዶ ከኢማም አህመድ ጋር በነበረው ጦርነት ለአፄ ገላውዴዎስ ሊዋጋ ገባና በአመቱ እዛው ሞተ። ለእማዬ ስነግራት "እናት ይኖረው ይሆን ያኔ" አለች።

ማታ መንገድ ዳር ቡና ጠጣን፣ ከስሩ ከሰል ካለበት የናስ ጀበና ጆሮ በሌለው ሲኒ ሚቀዳ፣ ዝንጅብል ያለው። እማዬ "ሲኒው የኛ ነው፣ ቡናው ግን ቢወቀጥ ይሻል ነበር" አለች፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የመጨረሻው ቀን ከመውጣታችን በፊት ውሃው ሞልቶ ነበርና ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞላች። ሻንጣ ውስጥ በጋቢዎቹ ጠቀለልነው፣ ጋቢዎቹ የጠቀሙን ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሳህን ላይ አፍስሳ መስኮቱ ስር ፀሀይ ላይ አስቀመጠችው፣ ብርድ ስለሆነ ቀናት ፈጀ። ትናንት ደረቀ፣ ሁለት ሶስት የሻይ ማንኪያ ምትሞላ ጨው ሳህኑ ላይ ቀርታለች፣ ትንሽ አሸዋ አለባት። አንኮበር ያለችውን ታላቅ እህቷን ደውላ "ነይ፣ ማሳይሽ ነገር አለ" ብላታለች፣ ቅዳሜ ትመጣለች።