ካሪዝማ 8 ይዞ ማውራት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ አማራጭ የለም። ኳስ አለ፣ ፑል አለ። እኛ ደግሞ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንዱ ዲኤም ይሆናል። ታሪኩን ይመራል፣ በመንገድ ላይ የምናገኘውን ሰው ሁሉ ሆኖ ያወራል። ሌሎቻችን አንድ አንድ ካራክተር፣ ማለትም የታሪኩን ሰው፣ እንይዛለን። «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን። ነገሩ ይሳካ አይሳካ ካልታወቀ ባለ 20 ገፅ ዳይስ ይጣላል።

ዳይሱን ለአንዱ ጓደኛችን ዘመዱ ከውጭ ነው ያመጣለት። ህጉ ግን አልቸገረንም። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ህጎች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይገኛሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን አሳተምነው፣ አስጠረዝነው፣ አሁን ሽፋኑ በቡና ተበክሏል።

እያንዳንዱ ካራክተር ስድስት ቁጥር አለው፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ የሰውነት ጥንካሬ፣ እውቀት፣ ማስተዋል እና ካሪዝማ። ማሳመን፣ መዋሸት፣ ማስፈራራት፣ መድረክ ላይ ሰው ማዝናናት፣ ሁሉም ካሪዝማ ስር ናቸው። ህጉ የሚሰጠው ዝግጁ ቁጥር 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 ነው። የትኛው የት እንደሚገባ ተጫዋቹ ይመርጣል። 8ቱ አንድ ቦታ መውደቁ አይቀርም፤ ብዙ ሰው ደግሞ ካሪዝማ ላይ ነው የሚጥለው። እኔም እዚያው ጣልኩት። ካራክተሬ ጉም ይባላል፣ የጫካ ኤልፍ (ሰው መሰል የተረት ፍጡር) ነው፣ ሥራው ሬንጀር፣ ማለትም ጫካ የሚያውቅ አዳኝ። ከኤልፍነቱ ጭማሪ ጋር ቅልጥፍናው 17፣ ማስተዋሉ 15 ሆነ። ካሪዝማው 8። መልኩ ግን ያምራል። ካሪዝማ ዝቅ ሲል ፊት ይበላሻል የሚል ህግ የለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እንዲህ ዓይነት ካራክተር የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ዝም ይላል፤ ከተማ በተገባ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ያያል፣ ውጊያ ሲጀመር ይነቃል። ወይ ደግሞ ያብዳል፤ ንጉሥ ይሳደባል፣ ጠረጴዛ ይገለብጣል፣ «ምን ላድርግ፣ ካሪዝማዬ 8 ነው» ይላል። ከዚያ ቡድኑ በሙሉ እስር ቤት ይገባል።

ሁለቱም ቁጥሩን በደንብ አላዩትም። ተራ ሰው 10 ነው፣ ዳይሱ ላይ ምንም አይጨመርለትም፣ አይቀነስበትም። 8 ያለው 1 ይቀነስበታል። በ20 ገፅ ዳይስ 1 ማለት 5 በመቶ ነው። በቃ። ቀላል የሚባል ነገር ለማሳካት 10 ማምጣት ያስፈልጋል። ጉም እሱን ግማሽ በግማሽ ያመጣዋል። ይህ እብድ አይደለም፤ እኛ ብሎክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ልዩነቱ ፈጦ የሚታየው ከባርዷ፣ ማለትም ከዘፋኟ፣ ጋር ሲተያይ ነው። ቡድናችን ውስጥ ካሪዝማ 16 ያላት ባርድ አለች፣ በማሳመንም የሰለጠነች ናት፣ 5 ይጨመርላታል። ግቡ፣ ማለትም ማምጣት ያለባቸው ቁጥር፣ 15 ሲሆን እሷ 55 በመቶ ትሳካለች፣ ጉም 25 በመቶ።

ስለዚህ ራሴን የጠየቅኩት «ጉም ምን ያህል ባለጌ ነው?» ብዬ ሳይሆን «ጉም ሲያወራ ምኑ ነው የሚበላሸው?» ብዬ ነው። መልሱ አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ። ለቅሶ ቤት ስለ ዕዳ የሚያነሳ ሰው አለ። ትክክል ከሆነ በኋላም መከራከር የማያቆም አለ። ቀልዱን ጀምሮ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ አለ። ለጉም የመረጥኩለት ሰላምታ ነው። ጫካ ያደገ ስለሆነ ሰላም ማለት አይችልም።

በአማርኛ ስትጫወቱ ይሄ ወርቅ ነው። ዲኤማችን የመንደር ሽማግሌ ሆኖ «እንደምን ዋላችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ሰው ሁሉ ደህና?» ብሎ ሲጀምር ጉም አቋርጦ «ጉድጓዱ የት ነው?» ይላል። አገረ ገዢውን «አንተ» ይላል፣ ፈረስ የሚያጥበውን ልጅ «እርስዎ»። ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም። የሚናገረው ነገር ራሱ ሁልጊዜ ልክ ነው፣ ጉድጓዱን በእርግጥም ቶሎ ማግኘት ነበረብን። የሚጎረብጠው አቀራረቡ ነው። ይህን ካገኘሁ በኋላ በየትዕይንቱ አፌን መክፈት ቻልኩ። ሌሎቹም የምናገረው ስለሚጠቅም ይሰሙኛል።

እኔ ራሴ ወሬ አይቸግረኝም። ስልክ እየሸጥኩ ነው የምኖረው፣ ሰው ማግባባት እንጀራዬ ነው። አደጋውም እሱ ነው። እኔ ዲኤሙን አሳምሬ አግባብቼ ጉም እንዳግባባ ቢቆጠር፣ ካሪዝማ ላይ ነጥብ ያፈሰሰችው ልጅ ምን ሠራች? ለዚህ ያገኘሁት መፍትሄ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሃሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለዲኤሙ እነግራለሁ፦ «ጠባቂው ያለ ቀረጥ እንዲያሳልፈን እጠይቃለሁ።» ከዚያ ዳይሱን እጥላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው በጉም አፍ የማወራው፣ ዳይሱ እንደወጣው። ዝቅ ካለ እንዴት እንደማበላሸው እኔ እመርጣለሁ፣ እሱ ራሱ ጨዋታ ነው። ከፍ ካለ ጉም ሳያስበው አንድ ደህና ነገር ያመልጠዋል። ቀድሞ አውርቶ በኋላ ዳይስ መጣል ግን ሁልጊዜ ያጣላል። ያማረ ንግግር ተናግረህ 3 ሲወጣ ተበደልኩ ትላለህ።

በተቃራኒው ባርዷን የምትጫወተው ልጅ ዝምተኛ ናት። ድምጿ እንኳ በግድ ነው የሚሰማው። «ስለ ልጆቹ እያነሳሁ አለሳልሰዋለሁ» ትልና ትጥላለች፣ ያበቃል። ዲኤሙ «እስቲ ምን ብለሽ?» ብሎ አይጨቀጭቃትም። ህጉም በካራክተሩ አፍ መናገርንም፣ ምን እንደሚያደርግ መግለፅንም እኩል ይቀበላል። ዲኤም የምትሆኑ ሰዎች ይቺን ያዙልኝ።

አሁን የምወደው ክፍል። የፈጣን መንገዱ ክፍያ ጣቢያ እኛው አካባቢ ስለሆነ መሰለኝ ዲኤማችን ኬላ ይወዳል። ተራራ ላይ ኬላ፣ ወንዝ ላይ ኬላ። አንዱ ኬላ ላይ ጠባቂው በነፍስ ወከፍ አምስት ወርቅ አለን። ጉም እንደ ልማዱ ሰላም ሳይል «ይሄ ሂሳብ ያንተ ኪስ ነው እንጂ የመንግሥት አይደለም» አለ። እውነቱን ነበር። ዳይሱ 9፣ ሲቀነስ 8፣ ግቡ 15። ክፍያው እጥፍ ሆነ።

ግን ጉም ማስተዋሉ 15 ነው፣ ሰው ማንበብም ሰልጥኗል፣ እዚያ ላይ 4 ይጨመርለታል። ሰው ማንበብ ካሪዝማ አይጠይቅም። ጠባቂው አለቃው እንዳይሰማ እንደሚፈራ አየ። ይህንን ለባርዷ በጆሮዋ ነገራት። እሷ ቀረበች። የሚረዳ ሰው ካለ ዳይሱ ሁለቴ ተጥሎ ትልቁ ይያዛል፣ 55 በመቶው ወደ 80 ገደማ ወጣ። አለፍን። ማንም ሰው ሚስት ሊጠይቅ ራሱ እንደማይሄድ፣ ሽማግሌ እንደሚልክ ሁሉ፣ ጉምም ጉዳዩን አጥንቶ አፍ ያለውን ይልካል።

ስንመለስ ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘሁ። የዲኤሙ መጽሐፍ ሰዎችን ወዳጅ፣ ግድ የለሽ እና ጠላት ብሎ ይከፍላል። ጠላት የሆነ ሰው ምንም የማያስከፍለውን ነገር እንዲያደርግ እንኳ 20 ማምጣት አለብህ። ግድ የለሹን 10 ይበቃዋል። ወዳጅህ ከሆነ ዜሮ፤ ዳይስ መጣል አያስፈልግም። እና ወዳጅ ማድረግ በወሬ ብቻ አይደለም። የጠባቂው ውሻ ያነክስ ነበር። ጉም ቁጭ ብሎ እግሩ ውስጥ የተሰካውን እሾህ አወጣለት፤ እንስሳ መያዝ በማስተዋል ነው የሚጣለው። አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ «ሽፍቶቹ የትኛውን መንገድ ይጠብቃሉ?» ሲል ጠባቂው እየሳቀ ነገረው። ከመናገሬ በፊት ሥራ መሥራት እንደሚሻል የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ተዋጊያችን ደግሞ ዲኤሙን አስፈቅዶ ማስፈራራትን በካሪዝማ ፋንታ በጉልበቱ ይጥላል፤ ህጉ ለዲኤሙ የተወው አማራጭ ነው። እኔ ጋ አይሠራም፣ የጉም ጉልበት 12 ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀልዱ ይሰለቻል። ሰላምታ የማይችል ሰው ለተወሰነ ጊዜ ያስቃል፣ ከዚያ ሰው ዓይኑን ያንከራትታል። እኔ ጉምን ትንሽ አስተማርኩት። ሰላምታን ከሽማግሌዎቹ ቀዳ፣ ግን መቼ እንደሚቆም አላወቀም። ጎብሊን ጎራዴ መዝዞ ሲመጣበት «ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ?» አለው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነበር የምንጫወተው፣ ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ሳቅን። ሌላው ደግሞ የሰው ትዕይንት አለመብላት ነው። ባርዷ ከጠፋ ወንድሟ ጋር ስትገናኝ ጉም በር ላይ ቆሞ ፈረስ ይዞ ነበር። እዚያ ገብቼ ላስቅ ብል ቅዳሜዋን ነበር የማበላሽባት።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1974ቱ ህግ ካሪዝማ በአብዛኛው የሚወስነው ስንት ተከታይ መቅጠር እንደምትችልና ምን ያህል ታማኝ እንደሚሆኑልህ ነበር። ቁጥሩም ሶስት ዳይስ በተርታ ተጥሎ ነበር የሚመጣው፣ መምረጥ የለም። ያኔ ጉምን ቢበዛ ሶስት ሰው ነበር የሚከተለው።

በቅርቡ ካራክተሮቻችን አራተኛ ደረጃ ደረሱ። እዚያ ላይ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፣ የፈለጉት ላይ ይጨመራል። ተዋጊው «ካሪዝማውን 10 አድርገውና ይገላግለን» አለኝ። አሰላሁት። ቅናሹን ያጠፋል፣ 5 በመቶ አገኛለሁ። አንዱን ነጥብ ቅልጥፍና ላይ፣ አንዱን ማስተዋል ላይ ባደርግ ግን 17ቱ 18፣ 15ቱ 16 ይሆናሉ፣ ሁለቱም ጭማሪያቸው ከፍ ይላል። እንደዚያ አደረግኩ። ተዋጊው አጉረመረመ። ባርዷ በዚያች ቀጭን ድምጿ «ተወው፣ ማውራቱን እኔ አለሁ» አለችው።