ነጩ ለገበያ

ትናንት እህል በረንዳ ሄጄ ነበር። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እህል በረንዳ በጥር ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። አይሱዙው ተደርድሯል። ጆንያ የተሸከሙ ልጆች "ዞር በል! ዞር በል!" እያሉ ይሮጣሉ። እግር ማሳረፊያ የለም። አየሩ ሁሉ ብናኝ ነው። ማስነጠስ ጀመርኩ። ደግሞም ደስ አለኝ። ያን ሽታ ሌላ የትም አላገኘውም።

የላከችኝ ባለቤቴ ናት። "በጥር ካልገዛን ክረምት ላይ ያቃጥለናል" አለች። እውነቷን ነው። አዲሱ ጤፍ የሚገባው በዚህ ሰሞን ስለሆነ ዋጋው ትንሽ ረገብ ይላል። ረገብ ማለት እንግዲህ እንደ ዘመኑ ነው። ኩንታሉ ከ10 ሺህ ብር ካለፈ ቆይቷል።

አንዱ መጋዘን በር ላይ ቆምኩ። ነጋዴው ወጣት ነው። ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል።

"ጋሼ፣ ምን ልስጥህ? ማኛ አለ። የሚንጃር ነው። እጅህን ክተትና እየው።"

እኔ የሚንጃር ልጅ ነኝ። እሱ ይህን አያውቅም። ለመጣው ሁሉ "የሚንጃር ነው" ይላል፤ ካልሆነም "የአዳ ነው" ይላል። ቢሆንም ስሙን ስሰማ ደንገጥ አልኩ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ጤፍ ውስጥ እጅ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ይንሸራተታል። ዘግኜ አወጣሁ። መዳፌ ላይ አሸት አደረግኩት፤ እፍ አልኩበት። ትንሽ አኘክሁ። አሸዋ የለውም።

"ጋሼ፣ የገበሬ ልጅ ነህ እንዴ?" አለኝ እየሳቀ።

አዎ አልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ። ምክንያቱም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ነጭ ጤፍ ውስጥ እጄን ስንት ጊዜ ከትቻለሁ። በልቼው ግን አላውቅም ማለት ይቻላል።

የቤታችን ሕግ ነበር። ነጩ ለገበያ፣ ቀዩ ለቤት። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረንም፤ አብረነው ነው ያደግነው። ቀዩ ጎታ ውስጥ ይገባል። ነጩ በጆንያ ሆኖ ጓዳው ጥግ ይቆማል። እማዬ "እሱን እንዳትነኩት፤ እንግዳ ነው" ትለን ነበር። እውነትም እንግዳ ነበር። ሁለት ሦስት ሳምንት አድሮ በአህያ ተጭኖ ወደ አረርቲ ይሄዳል። ቀዩም ቢሆን ክረምቱን አያዘልቅም። ሐምሌ ላይ ማሽላ ይቀላቀልበታል። ነሐሴ ላይ ማሽላው ይበዛና፣ ተቀላቃዩ ጤፉ ይሆናል። የእንጀራውን ቀለም አይቶ ወሩን መናገር ይቻል ነበር።

ያንን እንግዳ ለማምጣት ግን ዓመቱን ሙሉ ነበር ሥራው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ርግጡ ነው። ሐምሌ ላይ ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ይረገጣል። አራት አምስት ጊዜ የታረሰ መረሬ ነው፤ ዝናብ ጠጥቶ ጨቅይቷል። ከብቱ ሁሉ ይነዳበታል። በሬው፣ ላሟ፣ አህያው፣ ፍየሉ ሳይቀር። የጎረቤት ከብት በወንፈል ይመጣል፤ የእኛም በተራው ይሄዳል። መሬቱ ደልደል እንዲል ነው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ በ1 ግራም ውስጥ ከ2 ሺህ 500 በላይ ፍሬ አለ። ጓል መካከል ከገባ በቃ፣ እዚያው ቀረ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ብርዱን ነው። ልጆች ከከብቱ ኋላ በባዶ እግራችን እንከተላለን። ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። መረሬ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን መሃል ማሳ ላይ ተተክሎ ቀረ። ከብቱ ጥሎት ሄደ። እሱ ያለቅሳል፣ እኛ እንስቃለን። አባባ ሄዶ ብብቱን ይዞ እንደ ጎመን ነቀለው። አንድ ጫማ ነበረችው፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ናት። (ጫማ ያደረገው እሱ ብቻ ነበር፤ ለዚያም ነው የተያዘው።)

አረሙን እዘለዋለሁ። ወገቤ ያውቀዋል።

ታኅሣሥ ሲገባ አውድማ ይዘጋጃል። እማዬና ታላቅ እህቴ እበት በውሃ በጥብጠው መሬቱን ይለቀልቁታል። ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። ከዚያ ክምሩ ይፈርስና በሬዎቹ ይገባሉ። የእኛ በሬዎች ቦራና ዳልቻ ናቸው፤ የጎረቤት በሬም ይታከልበታል። ዙሪያውን ሲዞሩ ይውላሉ። የእኔ ሥራ ከኋላቸው ሆኖ እበት መቀበል ነበር። የከተማ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በሬው ጅራቱን ቀና ሲያደርግ፣ ጭድ በሁለት እጅ ይዞ መሮጥ ነው። እህሉ ላይ እንዳይወድቅ።

አንድ ጊዜ ዘገየሁ። ሰማይ እያየሁ ነበር መሰለኝ። አባባ መንሹን ይዞ ቆመ። አልተቆጣም። ዝም ብሎ አየኝ። እኔ ጅራፉን በመረጥኩ። ያን ቀን የሚበራየው ነጩ ነበር። ቀዩ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባላየኝ እላለሁ።

ፍሬውን ከገለባ የሚለየው ነፋስ ነው። ነፋስ ከሌለ ሥራ የለም። ላይዳ ይዞ ቁጭ ማለት ነው። አንዳንዱ ሽማግሌ ያፏጫል፤ በፉጨት ነፋስ ይመጣል ይባላል። እኛም እናፏጫለን፤ "ዝም በሉ፣ እናንተማ ዐውሎ ትጠራላችሁ" ይሉናል። ማታ ማታ ነፋሱ ሲነሳ አባባ ከፍ አድርጎ ይበትናል። ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወድቃል፤ ገለባው ርቆ ይሄዳል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ያ ገለባ ወርቅ ይመስላል። ማታ ደግሞ ሲያሳክክ ያድራል።

ሲሰፈር ማውራት ክልክል ነው። አባባ በቁና እየሰፈረ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን "አንድ" አይልም፤ "አንድ እግዜር" ነው የሚለው። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ከጎን ሆኜ በልቤ እቆጥር ነበር። ስንት ቁና ከሆነ ደብተር እንደሚገዛልኝ አውቃለሁ። ስንት ከሆነ እንደማይገዛልኝም አውቃለሁ።

ከዚያ ጥር መጣ። ሽያጭ።

ለምን በጥር? አባባ ሞኝ አልነበረም። በጥር ሁሉም ገበሬ እኩል ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው እንደሚወድቅ አሳምሮ ያውቃል። "እስከ ሰኔ ብናቆየው እኮ..." ይልና ይተወዋል። ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ሰምቼው አላውቅም። ማዳበሪያው፣ ዳፑና ዩሪያው፣ በብድር የተወሰደ ነው፤ ዕዳው ምርት ሲገባ ይከፈላል። ግብር አለ። ተዝካር አለ። የልጅ ደብተር አለ። ሰኔን ማን ያይለታል?

ትናንት ሂሳብ ስከፍል ይህን አሰብኩ። ባለቤቴና እኔ ጎበዝ ሸማቾች ነን፤ በጥር እንገዛለን። በጥር የሚረክሰው ደግሞ አባባን የመሰለ ሰው ሰኔን መጠበቅ ስለማይችል ነው። የማተርፈው ያቺን "እስከ ሰኔ ብናቆየው እኮ" ነው። ነጋዴው "ጋሼ፣ ምነው? ብሩ ጎደለ እንዴ?" አለኝ። የለም አልኩት። ቆጥሬ ሰጠሁት።

ነጭ እንጀራ መጀመሪያ ጠግቤ የበላሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። 1988 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛ ክፍልን አልፌ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ልማር ተወሰነ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ሌሊት እማዬ ተነሳች። ምጣድ ሲታሰስ፣ ሊጡ ቸስ ሲል ይሰማኛል። ሲነጋ ሳይ አሥር እንጀራ ጋግራለች። ነጭ። ከእንግዳው ጆንያ አንስታ ነበር፤ አባባ ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ምጣዱ አጠገብ ተገትሯል። ምንም አልጠየቀም። እሷም ሊጡ ሲያልቅ ማሰሮውን ጠርጋ ትንሽዬ እንጎቻ ጋገረችለት። የያዛት አያያዝ ዛሬም ይታየኛል፤ በሁለት እጁ። አልበላትም። እኔ መንገድ ስጀምር ገና ይዟት ቆሞ ነበር።

አዲስ አበባ ገባሁ። የአጎቴ ቤት ግንፍሌ ነው። አንዲት ክፍልና ጓዳ፤ ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ሲያጓራ ይሰማል። ስንቄን ለአጎቴ ሚስት ሰጠኋት። በሁለት እጄ፣ በጣም ትልቅ ነገር እንደሰጠ ሰው። "ተባረክ" አለችና ሞሰቡን ከፈተች። ሞሰቡ ውስጥ ያለው እንጀራ ሁሉ ነጭ ነበር። የእማዬን ከላይ ደረበችው። ከላይኛውና ከታችኛው መካከል ልዩነት አልነበረም።

ሀብታሞች አልነበሩም። አጎቴ ዘበኛ ነበር። ሽሮ ነው የሚበላው፤ ግን በነጭ እንጀራ። ከተማ እንደዚያ ነው። ማታ ትራፊው ለግቢው ውሻ ተሰጠ። ውሻው አሸተተና ተወው፤ ጠግቦ ነበር። እኔ አየሁት። ቤት ስጽፍ የትምህርቱን፣ የመብራቱን፣ የአራት ኪሎን ሐውልት፣ ሁሉንም ጻፍኩ። የውሻውን አልጻፍኩም።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። መጨረሻ ላይ ምን ገዛሁ? ግማሹን ማኛ፣ ግማሹን ቀይ። ባለቤቴ ናት "ቀይም ጨምር" ያለችኝ። አሁን ቀይ ጤፍ ጤና ነው፤ ብረት አለው ይባላል። ድሮ ቀይ የሚገዛው አቅም ያነሰው ነበር። ነጋዴውም ሳቀ። "ጋሼ፣ ቀዩም እኮ እንደ ድሮው አይደለም። ሐኪም ያዘዘለት ሁሉ ቀይ ነው የሚለኝ።" ስለ ብረቱ ያነበብኩት ነገር አለ። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው አውድማ ላይ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል የሚገባ ነው። ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። እንግዲያው ቦራና ዳልቻም ድርሻ አላቸው።

ላዳ ያዝኩ። ጆንያዎቹን ጫንን። ሾፌሩ "ማዳበሪያውን ከኋላ አድርገው" አለኝ። ከተማ ሰው ጆንያውን ማዳበሪያ ነው የሚለው፤ ጤፍም ይያዝበት ሲሚንቶ። አባባ ቢሰማ ዕዳው ትዝ ይለው ነበር። በፒያሳ በኩል አለፍን። ከ2016ቱ ፈረሳ ወዲህ ፒያሳን የማውቀው በግምት ነው፤ ጊዮርጊስ ካለ ቀኝና ግራዬን አገኛለሁ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ነበር። ትኩስ ዱቄት የለበስኩት ኮት ላይ ተነስንሶ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጭ ሆኜ ቤት ገባሁ። ልጄ ሳቀችብኝ።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። አባባ ካረፈ ወዲህ ማሳውን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያ የእንጎቻው። እሱም በጥር ይሸጣል።

"ጤፍ ገዛችሁ?" አለችኝ።

"ገዛን። ግማሹን ቀይ ነው የገዛነው።"

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"እማዬ?"

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው? ሥራ ለቀቅህ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ። ቀዩ ለጤና ጥሩ ነው ተብሎ ነው።"

"ማን ነው ያለው?"

"ሐኪሞቹ።"

"ሐኪሞቹ" አለች። ከወንድሜ ጋር የሆነ ነገር ተነጋገረች፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የሆነ ሰው እንዳይሰማት የምትፈልግ ይመስል። "በል ለሰው አትንገር። ወንድምህ ሰኞ ይመጣል። ነጭ አስይዤዋለሁ፤ አንድ ጆንያ ለአንተ ብዬ አስቀርቼ ነበር።"

"እማዬ፣ አያስፈልግም። ይሸጥ። እናንተስ ምን ልትበሉ?"

"እኛማ ምን ሆነን? ቀዩ አለ አይደል።"