በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ በአርፒስ?

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ይህን የምታነቡት ምናልባት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ዶሮ ከታቀፈ ሰው አጠገብ ተጣብቃችሁ ይሆናል። በዓሉን ለማታከብሩትም መልካም የዕረፍት ቀን ይሁንላችሁ።

ገና የጨዋታም ስም ነው። ጃንሜዳ ላይ ሩር በዱላ ሲመታ ጌታና ሎሌ የሚባል ነገር ይቀራል፤ ያሸነፈው ወገን በግጥም ሲሞልጨው ተሸናፊው ስቆ ያልፋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» መባሉም ለዚሁ ነው። በስልክ በምንጫወተው አርፒ ግን ጌቶቹ በዝተዋል፤ ይቆጣሉም።

ለማታውቁት፣ አርፒ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር ይዞ፣ ካራክተሩ የሚናገረውንና የሚያደርገውን በጽሑፍ እየተቀባበለ ታሪክ የሚሠራበት ጨዋታ ነው። ማዕረግ ደግሞ ከጥንቱም አለ። በፈረንጆቹ 1978 እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትሩብሾ የጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትል ያስፋፋው «መድ» የተባለ የጽሑፍ ጨዋታ ነበር። እዚያ ነጥቡን የሞላ ተጫዋች «ዊዛርድ» ይሆንና በሌሎቹ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ቢያንስ ያ ዊዛርድ ተጫውቶ ነው የደረሰበት። በየግሩፑ የምናያቸው ዊዛርዶች ብዙዎቹ ቀድመው ስለገቡ ወይም የአድሚን ወዳጅ ስለሆኑ ብቻ የተሾሙ ናቸው።

መጀመሪያ ግሩፑ ውስጥ ለመግባት በሩ ላይ የሚሞላው ፎርም። የካራክተሩ አስተዳደግ፣ የፊቱ ጠባሳ፣ የሦስት አንቀጽ ናሙና፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ይህን በትንሽ ስልክ ሞልቶ፣ ሳምንት ጠብቆ የሚያልፈው ጊዜ ያለው ሰው ነው፤ ጥሩ ተጫዋች መሆኑን ፎርሙ አይነግረንም። ሌላው የጻፈውን አንብቦ በዚያ ላይ የሚመልስ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ጨዋታ ውስጥ ሲገባ ነው። ሰባት መስመር ይበቃል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሰፈር፣ የሚፈልገው ነገር፣ የሚፈራው ነገር፣ ገንዘብ የተበደረው ከማን እንደሆነ። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ዕዳ ያለበት ካራክተር ከሌላ ካራክተር ጋር ተሳስሮ ነው የሚገባው።

ዋናው በሽታ ግን ርዝመት ነው። «ከሦስት አንቀጽ በታች አይፈቀድም» የሚለው ሕግ ጥራት የሚጠብቅ ይመስላል። ቴሌግራም በአንድ መልእክት ክፍት ቦታውን ጨምሮ 4096 ፊደል ይቀበላል፤ በአማርኛ 800 ቃል ገደማ መሆኑ ነው። አንዱ ይህን ሞልቶ ሲለጥፍ ካራክተሩ ገብቷል፣ ኮቱን ሰቅሏል፣ የልጅነት ሐዘኑን አስታውሷል፣ ጥያቄ ጠይቆ ራሱ መልሷል። ሌላው ምን ይበል? ስድስት ሰዎች ባሉበት ትዕይንት እያንዳንዱ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ቢወስድ፣ ተራው ዞሮ የሚመጣው በሦስት ቀን ነው። አሥር ዙር ለመነጋገር ወር ይፈጃል፤ ካራክተሮቹ ግን ገና የመጀመሪያውን ሲኒ ቡና አልጨረሱም። በመሐል አንዱ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ «የዘንድሮ ሰው ቁም ነገር የለውም» ይባላል። ከሦስት እስከ ስድስት መስመር በቂ ነው፦ አንድ ድርጊት፣ አንድ ንግግር፣ ሌላው ተቀብሎ የሚቀጥለው አንድ ነገር።

አዲስ ገቢ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ወደ ቡና ቤቱ ገባሁ። ሰላም ብዬ ተቀመጥኩ።» ነባሮቹ «አጭር ነው፤ አስተካክለህ ድገም» ካሉት ሁለተኛ አይመለስም። አስተናጋጇን የያዘው ነባር ግን እንዲህ ይበል፦ «ማኪያቶውን አስቀምጣ አልሄደችም። ‹ይቅርታ፣ ወንበሩን ቢቀይሩ ይሻላል። ትናንት እዚህ የተቀመጡት ሰውዬ ሻንጣቸውን ትተው እንደወጡ አልተመለሱም› አለች፣ በዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ሥር እያሳየች።» ልጁ ሥራ አገኘ። ሻንጣውን ይከፍታል፣ ወይም ሰውዬው ማን እንደነበሩ ይጠይቃል፣ ወይም ፈርቶ ይነሳል። ስለ አጻጻፍ ማንም አላስተማረውም፤ ቀጣዩ ጽሑፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይረዝማል።

የነባሮቹ ሌላው አመል እርማት ነው። ካራክተሩን በ1900 ዓ.ም. ለገሃር ላይ ከባቡር ያወረደ ሰው ተሳስቷል፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን አስቁሞ በሁሉም ፊት ትምህርት ሊሰጥ ይችላል። ወይም ከጨዋታ ውጪ መሆኑን በሚያሳየው ድርብ ቅንፍ አንዲት መስመር ይጽፋል፦ ((ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ነው የሚቆመው፤ ከዚያ በበቅሎ ይምጣ?)) እንዲያውም ታሪኩ ይሻላል፤ በበቅሎ የመጣ ሰው የመንገዱን አቧራ፣ የአዋሽን ሙቀትና ምናልባትም ያልከፈለውን የበቅሎ ኪራይ ይዞ ነው የሚደርሰው።

ይህ ማለት ሕግ ይቅር ማለት አይደለም። በሁለት ነገር ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በሌላው ካራክተር ላይ የሚደርሰውን አንተ አትወስንም። «በቡጢ ጣልኩት» አይባልም፤ «ቡጢ ሰነዘርኩ» ተብሎ መውደቁና አለመውደቁ ለባለቤቱ ይተዋል። ሁለተኛ፣ አንተ በሌላ ትዕይንት ያነበብከውን ካራክተርህ አያውቅም። የሚያጠፋ ሰው ካለ በመጀመሪያ በግል ይነገረው፣ ከጥፋቱ ቀጥሎ ምን ብሎ መጻፍ እንደነበረበት በምሳሌ ጭምር። በአደባባይ «አላዋቂ» ተብሎ የታረመ ሰው የተማረው ዝምታን ብቻ ነው። ካራክተራቸው ሲሸነፍ እውነተኛ ኩርፊያ ለሚያኮርፉት ደግሞ (ታውቃላችሁ ራሳችሁን!) ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ሁለት ደቂቃ ከካራክተር ወጥቶ መቀላለድ ብዙ ያበርዳል። ተናዳፊ ካራክተር የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ቢዘሉት ተቀናቃኛቸው ስድቡን ለራሱ ይወስደዋል።

ለበዓሉ እንዲህ ብናደርግ፦ ዋዜማና የገና ዕለት ማንም መልስ አይጠበቅበትም። የምትወጡ ሰዎች ካራክተራችሁን በአንዲት መስመር ከመድረክ አስወጡ፤ ላሊበላ ሊያነግሥ ሄዷል በሉት። አለበለዚያ አምስት ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ከበዓሉ ማግስት ስትቀጥሩ «2 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «በአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት» ይባል፤ በዚህ ወቅት ዋሽንግተን ላለ ሰው እኩለ ቀን ነው፤ ሳይገለጽ ሲቀር በጠዋት ተነስቶ ባዶ ግሩፕ ያገኛል። ለአዲስ ገቢዎችም ሁለት ሁለት ነባር መድቡላቸው፣ የመጀመሪያው ትዕይንት ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

በበዓሉ ሥራ ላይ ለምትውሉ፣ ሆስፒታል ለምታስታምሙ፣ ከአገር ርቃችሁ በሌሊት ለምትጫወቱ ሁሉ መልካም ገና!