«መኪናህ ምንድን ነው?»

ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነው። ኮሮላ አልኩት። ቀና ብሎ ጣሪያው ሊደርሱ ምንም ያልቀራቸውን፣ መስኪ የሚባለው ትልቅ ዓሳ የሚጠመድባቸውን ዘንጎች አየና ከንፈሩን መጠጠ።

ከሚኒሶታዋ ሴንት ፖል የተነሳነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው፣ እኔና አንድ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ። በሀይዌይ 35 ወደ ሰሜን፣ ፓይን ሲቲ ላይ በሀይዌይ 70 ታጥፎ የሴንት ክሮይ ወንዝን መሻገር፣ ከዚያ ዊስኮንሰን ነው። ግራንትስበርግን፣ ሳይረንን፣ ስፑነርን በጨለማ አለፍናቸው። ሃይዋርድ ስንገባ ገና 1 ሰዓት አልሞላም፤ የማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ግን ከፍቷል። እነዚህ ሰዎች መቼ እንደሚተኙ እንጃ።

ዘንግ ፍለጋ እዚህ ድረስ የመጣሁት አምና ስለተዋረድኩ ነው። ሐዋሳ ነው ያደግሁት። ክር፣ መንጠቆና ትል ካለህ ቆሮሶ ትይዛለህ፣ አለቀ። እዚህም ዓሳ ያው ዓሳ ነው ብዬ ከአንድ ትልቅ ሱቅ በ60 ዶላር ዘንግና የክር መጠቅለያ አንድ ላይ ገዛሁ። ባስ ለሚባል አነስ ያለ ዓሳ የተሠራ ነበር። እጀታው አጠገብ እስከ 21 ግራም እንደሚችል ተጽፎበታል፤ ማን ያነባል? 85 ግራም የሚመዝን፣ ሁለት ትልልቅ የብረት ቅጠል ያለው ሉር፣ ማለትም ዓሳ የሚያታልል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ አንጠለጠልኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ሦስተኛው ላይ ቋ! አለ። የዘንጉ ጫፍ ከሉሩ ጋር ተያይዞ ውሃው ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ ይህንን ያልነገረው ተሳፋሪ የለም።

መስኪ ማለት ረጅም፣ ጥርሳም አዳኝ ነው። ከአንድ ሜትር የሚያልፈው ብዙ ነው። በአብዛኛው የዊስኮንሰን ውሃ ላይ 40 ኢንች፣ ማለትም 101 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሞላ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ቢሞላም አብዛኛው አጥማጅ ፎቶ ተነስቶ ይለቀዋል። «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሳ» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ከባድ ነገር እየወረወርክ ምንም ላታገኝ ትችላለህ። እንግዲህ ዘንግ የሚመረጠው ለዓሳው ብቻ ሳይሆን ለትከሻም ነው።

ሻጩ ሦስት አወረደልኝ። ባለ 80 ዶላሩ ፋይበርግላስ የበዛበት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ጀልባ ጠርዝ ላይ ቢጋጭም ግድ የለውም። ግን እንደ ዘነዘና ከበደኝ። ባለ 400ው ግራፋይት ነው፣ ላባ። እዚሁ በስተምሥራቅ ፓርክ ፎልስ የሚገኘው ሴንት ክሮይ የሚባለው ኩባንያ ዘንግ ነው፤ ጠዋት የተሻገርነው ወንዝ ስም። ይዤው ትንሽ ቆየሁ። ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

መካከለኛው 140 ዶላር ነበር። ሻጩ ጫፉ ላይ ሉር አንጠልጥሎ ሰጠኝና «ወዝወዝ አድርገው» አለኝ። ጫፉ ጎንበስ አለ፣ ወገቡ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ጽሑፉን በዚህ ጊዜ አነበብኩ፦ 8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ከ85 እስከ 227 ግራም። እጀታው ደግሞ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። የመኪናው ጥያቄ ለካ ለዚህ ነው! እንደዚህ ዓይነት ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት አይከፈልም፤ ካላጠረ በቀር ኮሮላ ውስጥ አይገባም።

ርዝመቱ ለምን? ስል ቆጣሪው ላይ በጣቱ 8 ቁጥር ሣለ። መስኪ ሉሩን ጀልባው ሥር ድረስ ተከትሎ ይመጣና ያመነታል። ያኔ የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረህ ሉሩን በ8 ቅርጽ ታዞረዋለህ። አጭር ዘንግ ጠባብ 8 ነው የሚሠራው፤ ሜትር የሚሆን ዓሳ እዚያ ውስጥ መታጠፍ አያቅተውም? 140ውን ከፈልኩ። የተረፈኝን መጠቅለያው ላይ አዋልኩት። እሱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም፤ ዘንግ ዝም ብሎ ይታጠፋል፣ ጥርስና ማርሽ ያለው መጠቅለያው ነው። 80 ፓውንድ የሚችል ጥልፍ ክርና፣ የዓሳው ጥርስ እንዳይበጥሰው ጫፉ ላይ የሚታሰር ሽቦም ጨመርኩ።

ቺፐዋ ፍሎዌጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ደሴት፣ ተንሳፋፊ ረግረግ፣ ውሃ ውስጥ የቀረ ጉቶ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ወንዙ ሲገደብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ያኔ ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ መንደር ከነመቃብሩ ሰጥሟል። ጀልባ ያከራየን ሰውዬ ይህንን የነገረን ቤንዚን እየሞላ ነው፣ ቀና ሳይል።

እስከ ቀትር ወረወርን። ምንም። ነፋሱ ሲበረታ ወደ ከተማ ተመለስንና የጨው አልባ ውሃ አጥማጆች ሙዚየም ገባን። ግቢው ውስጥ ፎቅ የሚያህል የመስኪ ሐውልት አለ፤ በሆዱ ገብተህ በደረጃ ወጥተህ አፉ ላይ ትቆማለህ። ጓደኛዬ ጥርሱን ተደግፎ ለእናቱ ቪዲዮ ደወለላት። «ልጄ፣ ከዚያ ውረድ!» አሉት። ሉዊ ስፕሬይ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚያው ከቺፐዋ 69 ፓውንድ ከ11 አውንስ የሚመዝን መስኪ ያዘ ይባላል። እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ነፋሱ ቆመና ወደ ሐይቁ ተመለስን። ጓደኛዬ ደክሞት ተቀምጧል። እኔም ክንዴ ዝሏል፣ ግን ረጅሙን እጀታ ብብቴ ሥር ስለማስገባው ትከሻዬ አላመመኝም። ሉሩን እየጠቀለልኩ ሳለ ከኋላው ጥላ አየሁ። መጀመሪያ ጉቶ መሰለኝ። ጉቶው ተንቀሳቀሰ።

ጫፉን ነከርኩና አንድ 8። ተከተለ። ሁለተኛ። ሰፋ አድርጎ ዞረና ክንፉን ውሃው ላይ አወጣ፣ ዓይኑ ይታየኛል። ጓደኛዬ ተነስቶ ጀልባው ተንገዳገደ። ሦስተኛው ላይ ዓሳው ቆመ። ከዚያ ሳይቸኩል ወደ ታች ሰመጠ፣ ውሃውም ጠቆረ።

«ሄደ እኮ፣ አንተ!» አለኝ ጓደኛዬ።

እኔ አራተኛውን 8 እየሣልኩ ነበር።